ለአማን የቱን ልሞክር? ጠበሉን፣ የግመል ወተቱን ወይስ ጠብታውን?

የአማን እናት (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ናችሁ። ጽሑፌ ይረዝማል፣ እባካችሁ ታገሡኝ።

ሮቢት ነው የምኖረው። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ ሰኞ ገበያ አስረክባለሁ፤ ባለቤቴ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይሠራል። ልጄ አማን ባለፈው ሚያዝያ 5 ዓመት ሞላው። አይናገርም። ድምፅ አለው፣ ያንጎራጉራል፣ የሲኖትራክ ጥሩንባ አስመስሎ ያሰማል፤ ግን አንድ ቀን "እማ" ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ስሙን ብጠራው ዞር አይልም፤ የብስኩት ላስቲክ ከተንኮሻኮሸ ግን ከጓሮ ሰምቶ ይመጣል። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቦ በመስመር ይደረድራል፤ አንዷን ካነሳሁበት ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ያላትማል።

ዓምና አዲስ አበባ ወስደነው ኦቲዝም ነው አሉን። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጥሎት ስለነበር የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ፊኖባርብ፣ ታዞለታል። ከጀመረ ወዲህ አልጣለውም። ግን ይቁነጠነጣል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ አልጋ ላይ ይዘላል። እኔም አብሬ እነሳለሁ። ጠዋት በርበሬ ስቀነጥስ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ምክንያቱን ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቀዋል። አማቴ "ድንጋጤ ነው" ይላሉ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ አዝዬው በኮምቦልቻ አድርገን ደብረ ብርሃን ድረስ ወጥተናል። ያኔ 1 ዓመት ከ6 ወሩ ነበር፤ እውነትም "ባባ" የምትለዋ ቃሉ በዚያ ሰሞን ጠፋች። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ትላለች። ባለቤቴ ክትባቱን ይጠረጥራል። ጎረቤቴ ደግሞ "እንጥሉን አስቆርጪው፣ ምላሱ ይፈታል" ብላ ሰውየውን ቤቴ ድረስ ልታመጣው ነበር።

አሁን የቀረቡልኝ እነዚህ ናቸው። እናቴ ሁለት ሳምንት ጠበል አብረን እንግባ ትላለች፤ ስሙን የማልጠራው ቦታ ነው፤ የሚያጠምቁት ሰው ግን "መድኃኒት ይዞ የገባ አይድንም" ብለዋል። አማቴ ቤት ወዳጃ አድርገውለታል፣ እሱን እንኳ አልቃወምም፤ ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ዱዓው ሲደረግ አማን ዝም ብሎ ጭሱን ሲያይ አመሸ፣ በዚያ ሌሊትም ተኛ። ሦስተኛ፣ ከባቲ የግመል ወተት የምታመጣ ሴት አለች፤ "ስንቱን አናግሯል" ትላለች። ጅዳ ያለችው የባለቤቴ እህት ስንዴና የላም ወተት አቁሙ ብላናለች። የመጨረሻው በቴሌግራም ያገኘሁት ሰው ነው፤ ከሰውነቱ መርዝና ብረት የሚያወጣ ጠብታ አለኝ፣ የ3 ወሩ 24 ሺህ ብር ይላል። ያዳናቸውን ልጆች ቪዲዮ ልኮልኛል። አለቀስኩ ሳየው።

በዚህ ወር 40 ሺህ ብር ዕቁብ ይደርሰኛል። አንድ ጊዜ ነው የሚደርሰኝ። ልጅ ያላችሁ፣ ያለፋችሁበት፣ እውነቱን ንገሩኝ።


ስልኩን ቀሙት (ማንነቱ ያልተገለጸ)

ስልክና ካርቱን ነው። ቀሙት፣ በወሩ ይናገራል።


የአማን እናት

ወንድሜ፣ የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነበር እስከ ዓምና ድረስ። ቴሌቪዥናችን በጦርነቱ ጊዜ ተወስዷል። ምኑን ልቀማው?


የናቲ አባት (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ አብሽሪ። እኔም ረጅም ነው የምጽፈው። ናቲ አሁን 11 ዓመቱ ነው።

ሥራዬ የፋብሪካ ማሽን ጥገና ነው። በእኛ ሙያ አንድ ሕግ አለ፤ ማሽን ሲያስቸግር ሦስት ዕቃ በአንድ ጊዜ አይቀየርም። ሦስቱን ቀይረሽ ቢነሳ የትኛው እንደነበር አታውቂም፣ ነገ ደግሞ ሲቆም ሦስቱንም ትገዢያለሽ። ይህንን 20 ዓመት ለተለማማጅ ሳስተምር ኖሬ ለገዛ ልጄ ግን ረሳሁት።

ጊዜው 2010 ነው፣ ናቲ 4 ዓመቱ። አንድም ቃል የለውም። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ነገር ጀመርን፤ እናቱ ጠበል ትወስደዋለች፣ እኔ በየሰኞው ባቲ ገበያ ከሚወርድ ጓደኛዬ የግመል ወተት አስመጣለሁ፣ የሚስቴ እህት ከዱባይ በ9 ሺህ ብር የቪታሚን ዱቄት ልካለች። በ19ኛው ቀን ማታ ናቲ ማሰሮዋ አጠገብ ቆሞ "ውዋ" አለ። ውሃ ማለቱ ነው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ? አማቴ ስለት ገቡ፣ ጓደኛዬ "አላልኩህም!" አለኝ፣ ዱባይ ያለችው ሁለተኛ ቆርቆሮ ላከችና ገንዘቡን ጠየቀች። ሦስቱንም 8 ወር ገፋንባቸው። ሁለተኛ ቃል አልመጣም። ከዕቁቡም ከደመወዙም ስንት እንደሄደ አልነግርሽም፣ የናቲ እናት ይህን ታነብባለች።

ነገሩን ያገኘችው ራሷ ናት። ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ላይ ሁሉን ትጽፍ ነበር፤ መቼ እንደተኛ፣ መቼ ሆዱ እንደሄደ፣ ማን እንደመጣ። "ውዋ" ያለበትን ሳምንት ስናይ የታላቅ እህቱ የቤቲ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። ቤቲን ጠየቅናት። ያኔ የ7 ዓመት ልጅ ነበረች፤ "እየተጫወትን ነበር፣ ውሃውን ከፍ አድርጌ እይዝና ድምፅ ካላወጣ አልሰጠውም" አለችን። እኛ ትልልቆቹ እኮ ናቲ ሳይጠማው ነበር የምናጠጣው! እጁን ሳያነሳ እንጀራው ይጎረሳል፣ በሩ ይከፈታል። ምኑን ብሎ ይናገር?

ቤቲ ናት ያዳነችው አልልሽም፣ አልዳነም፤ ምናልባት የሚናገርበት ጊዜው ደርሶ ይሆናል፣ ይህንንም አልክድም። ነገር ግን በሩም፣ ኳሱም፣ ሙዙም ላይ እንደ ቤቲ አደረግን፤ ያዝ፣ ጠብቅ፣ ዓይኑን እይ፣ ትንሽ ነገር ካሳየ ወዲያው ስጥ። በዓመቱ 14 ቃል ነበረው። በኋላ አዲስ አበባ ያገኘናት ባለሙያ ይኼንኑ ነው በወግ ያስተማረችን። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደኛ ዓይነት ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፣ በአማርኛም ተዘጋጅቶ እዚሁ አገር ተሞክሯል፤ ዋናው ነገሩ ወላጅ በጨዋታና በቤት ሥራ መሐል ልጁን እንዲያነጋግር ማስተማር ነው። ከ40 ሺሁ ላይ የምታወጪ ከሆነ አዲስ አበባ ሂጂና ሥልጠና ላይ አውዪው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ፈጣሪ ነፍሷን ያሳርፋት፣ የራሷን ልጅ ይዛ መግቢያ ስታጣ ነው በ2002 እንደ ፈረንጆች ጆይ የሚባለውን የኦቲዝም ማዕከል የከፈተችው፤ በፊደላችን ድምፅ ለማስተማርም አቡጊዳ ፎነቲክስ ብላ ዘዴ አውጥታለች። ተራው ረጅም ነው፣ ደሴ ሆኖ መጠበቅ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ገብተሽ ዓይተሽ ብትመለሺ እንኳ ቤት የምትሠሪው ነገር ትይዣለሽ።

ስለ ቪዲዮው አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ይህቺን ሐኪም ነው ያጫወተኝ። አሜሪካ ውስጥ ሴክሪቲን የሚባል የጨጓራና የአንጀት ምርመራ መርፌ ነበር። አንድ ልጅ ከተወጋ በኋላ ተሻለው ተባለና ወላጅ ሁሉ ተሯሯጠ። በ1999 እንደ ፈረንጆች በወጣ ጥናት ግማሾቹን ልጆች ሴክሪቲን፣ ግማሾቹን ጨው ያለበት ውሃ ወጓቸው፤ ልጁ የተወጋው የትኛውን እንደሆነ ወላጁም አያውቅም። ሁለቱም ወገን ተሻሻለ። እኩል! ልጅ ዝም ብሎም ያድጋል፣ ወላጅም ተስፋ ሲያደርግ ይበልጥ ያያል። የሚገርመው ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላም አብዛኞቹ ወላጆች መርፌውን አሁንም እንፈልጋለን አሉ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም እኮ ውጤት ሳላይ 8 ወር ሙሉ ወተት አስመጥቻለሁ።

የጠብታውን ብልቃጥ ፎቶ ጠይቂው። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ከሆነ በቃ።


ሲስተር ዘ. (ደሴ)

የአማን እናት፣ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሌላውን ወንድማችን ብሎታል፤ እኔ የማስቸኩለውን ብቻ።

ፊኖባርብን በአንድ ቀን እንዳታቋርጪ። ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ድንገት የተቋረጠ እንደሆነ የሚጥለው ተመልሶ መምጣቱ ብቻ ሳይሆን ሳያባራ ሊቀጥል ይችላል፤ እንዲህ ሆኖ ከጠበል በሰው ሸክም የመጣ ልጅ ተቀብያለሁ። ልጁ አልተመለሰም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጠበሉን አትሂዱ አላልኩም። እኔም እጠመቃለሁ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ፣ እንጦጦ ላይ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒት እየጣሉ በተቸገርንበት ዘመን፣ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ፓትርያርኩ የፈቀዱትን አንድ አጥማቂ ከከለከለ ሌላ ጠበል አለ፤ ወሎ ጠበል አጥቶ አያውቅም።

መቁነጥነጡን ደግሞ ልብ በይው። ፊኖባርብ አንዳንድ ልጅ ላይ ልክ አንቺ የጻፍሽውን ያመጣል፤ ቅብጥብጥነት፣ የእንቅልፍ መዛባት። ኦቲዝሙ ባሰ ብላችሁ ስትጨነቁ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ላዘዘው ሐኪም ንገሪው፣ ሌላ መድኃኒት አለ፣ ቀስ በቀስ ይቀየራል። ሐኪም ነው የሚቀይረው፣ አንቺ አይደለሽም።

ጠብታው "ክሎሪን" ወይም "ክሎራይት" የሚል ከሆነ፣ ወይም ሁለት ብልቃጥ ሆኖ አንዱ የሎሚ አሲድ ከሆነ፣ ሲቀላቀል የሚወጣው ነገር ከበረኪና የሚዛመድ ማንጫ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2010 እና በ2019 እንደ ፈረንጆች እንዳይጠጣ አስጠንቅቋል። ልጁ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ሻጩ "መርዙ እየወጣ ነው" ይልሻል። ብረት ማውጫ መርፌም አለ፤ በ2005 እንደ ፈረንጆች ፔንሲልቫኒያ ውስጥ አንድ የ5 ዓመት ኦቲዝም ያለበት ልጅ በዚያ ምክንያት የደሙ ካልሲየም ወርዶ ልቡ ቆሞ ሞቷል።

እንጥል ቆራጩን በር አታስገቢ። እንጥልና ቋንቋ አይገናኙም፤ የሚፈሰው ደምና የሚገባው ጀርም ነው የልጁን ነፍስ የሚወስደው።

ጆሮውስ ተመርምሯል? ብስኩት ይሰማል ማለት በቂ አይደለም፣ አስመርምሪ።


ኡም ሰልማ (ደሴ፣ ሸርፍ ተራ)

እኔ ግን ጠቅሞኛል፣ ልዋሽ አልችልም። ሰልማ ስንዴ ካቆመች ሆዷ ተስተካከለ፣ ሌሊት መጮህ ተወች። ዳቦ፣ ማካሮኒ፣ ብስኩት የለም። ጤፍ ብቻ። የግመል ወተትም አንድ ብርጭቆ ጠዋት ጠዋት። ሰው "ጥናት የለውም" ስላለ የእናት ዓይን ውሸት ነው ማለት ነው? አላህ ለሁሉም በሽታ መድኃኒት አውርዷል።


የናቲ አባት

እህት ኡም ሰልማ፣ የእናት ዓይን ውሸት ነው አላልኩም፣ ወላሂ። ሆዷ መስተካከሉ ትልቅ ነገር ነው። ናቲም ራሱን ከግድግዳ ያላትም የነበረው ለካ ድርቀት ነበረው፤ አምስት ቀን ስድስት ቀን አይወጣለትም፣ መናገር አይችል፣ ያመዋል። ድርቀቱ ሲታከም ማላተሙ በግማሽ ቀነሰ። የሰልማም እንዲያ ይሆን ይሆናል። ስንዴ መተው ኦቲዝሙን ሲለውጥ ግን በጥናቶቹ በግልጽ አልታየም።

በነገራችን ላይ በእኛ አገር ከስንዴ መሸሽ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ስንዴ የሚያስቆሙት ግሉተን በሚባል ፕሮቲን ምክንያት ነው፣ ጤፍ ደግሞ ያ ስንዴ ላይ ያለው ግሉተን የለበትም፤ እዚህ ድረስ ደግ። እኛ ወሎዎች ግን እንጀራውን ከገብስ ቀላቅለን እንጋግራለን፣ በሶው ገብስ፣ ገንፎው ገብስ፣ ገብስ ላይ ደግሞ ግሉተኑ አለ። የወተቱ ነገርማ ያስቀኛል፤ የላም ወተት የሚያስቆሙት ኬዚን በሚባለው የወተት ፕሮቲን ምክንያት ነው፣ የግመል ወተትም ኬዚን አለበት። አንዱን በሩቅ ሸኝተው ሌላውን በጓሮ ያስገባሉ። የግመል ወተቱ ጥናቶች አብዛኞቹ ሳውዲ ውስጥ በጥቂት ልጆች ላይ የተሠሩ ትንንሾች ናቸው። ምግብነቱን ግን ማን ይጠላል፣ ልጁ ከወደደው ይጠጣ።


ሲስተር ዘ.

ይጠጣ፣ ግን ተፈልቶ። ጥሬ የግመል ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ወራት ይቆያል። "ከፈላ ኃይሉ ይጠፋል" የሚሉትን አትስሚ። የላም ወተት ያስቆመች ደግሞ ካልሲየሙን በምን እንደምትተካው ታስብ፣ ልጁ አጥንት እየሠራ ነው።

የክትባቱን ነገር ሳልመልስ ረስቼው። ለባለቤትሽ እንዲህ በይው፤ የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለውን ወሬ ያስነሳው በ1998 እንደ ፈረንጆች የታተመ የአንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ በዚያው አቆጣጠር በ2010 ሰርዞታል፣ ሐኪሙም ፈቃዱን ተነጥቋል። በ2019 ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን ተከታትለው የተከተቡትና ያልተከተቡት ላይ ልዩነት አላገኙም። የኩፍኝ ሁለተኛው ክትባት በ15 ወሩ ነው፤ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ የጀመሯትን ቃል የሚያጡትም በዚያው ዕድሜ አካባቢ ነው። የአማንን ቃልና ጦርነቱን ያገናኛቸውም ያው የዕድሜው መግጠም ይመስለኛል። ሸሽታችሁ ባትወጡም ትጠፋ ነበር ይሆናል። ይህን የምልሽ አዝለሽው በመውጣትሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ ነው። እኔም ያኔ ወጥቻለሁ።


የአማን እናት

ሲስተር፣ ይህቺን የመጨረሻዋን ሦስት ጊዜ አነበብኳት።


የአማን እናት (ከ3 ሳምንት በኋላ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያደረግሁትን ልንገራችሁ ብዬ መጣሁ።

ሰውየውን የብልቃጡን ፎቶ ጠየቅሁት፤ "የፋብሪካ ምስጢር ነው" አለኝ። ስነዘንዘው ላከልኝ፤ የሚያነብልኝ ሰው ፈልጌ ስናይ ሶዲየም ክሎራይት ይላል፣ ሌላኛው የሎሚ አሲድ። "ይህ እኮ በረኪና ነው" ብዬ ብጽፍለት "እምነት የሌላት እናት" ብሎኝ ዘጋኝ። 24 ሺሁ ተረፈ። ከዕቁቡ 9 ሺህ ብር ግን በርበሬ ላይ ገባ፣ ዋጋው ሰሞኑን እንደምታውቁት ነው፤ የቀረውን ለአዲስ አበባው ይዣለሁ።

እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። የአቡነ ጳውሎስን ነገር ስነግራት "እሳቸው ካሉስ" አለችና ራሷ ሄዳ በሃይላንድ ይዛ መጣች። ጠዋት ፊኖባርቡን ይውጣል፣ ከላዩ ጠበሉን ይጠጣል። አማቴም ዱዓቸውን አልተዉም፣ ዕጣኑን ይወድላቸዋል። የመድኃኒቱን ነገር ለሐኪሙ ነግሬው ቀስ አድርጎ ሊቀይርልን ጀምሯል። ጆሮው ደህና ነው።

ወተቱን አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ስለተባልኩ እስከ መስከረም አቆይቼዋለሁ። ደብተር ገዝቻለሁ።

የቤቲን ጨዋታ በውሃ ጀመርኩ። ሰባት ቀን ሙሉ ጮኸብኝ፣ አንድ ጊዜ ኩባያውን ከእጄ ነጥቆ ወረወረው፣ ባለቤቴ "ልጁን በውሃ ጥም ልትገድይው ነው" አለኝ። ትናንት ማታ ግን እጄን ይዞ ወደ ጆጉ ገፋው፣ ከዚያ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ፊቴን! ድምፅ አላወጣም። የናቲ አባት፣ እጠብቅ ነበር ወይስ እንዲሁ ልስጠው ነበር? ግራ ገብቶኝ ቆሜ ቀረሁ።


የናቲ አባት

ስጪው እንጂ! አንቺ ደግሞ፣ ምን ያስቆምሻል። ሲያይሽ ወዲያው ነው፣ ቶሎ። እኛም ቤት በሩና ኳሱ ላይ ስንጀምር ማየቱ ነው የቀደመው፣ ድምፁ ከብዙ ወር በኋላ ነው የመጣው። ጆጉን በግማሽ ሙይው፣ በቀን ብዙ ጊዜ እንዲጠይቅሽ። ስንት ሰዓት ላይ እንደነበርም ደብተሩ ላይ ጻፊ።